ሳይቃጠል በቅጠል፦ በረግረግ መሀል የቀረው ማኮብኮቢያ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የሳተላይት ካርታ ክፈቱ። ወደ አሜሪካ ሂዱ፤ ፍሎሪዳ የምትባለው ግዛት እንደ ጣት ወደ ባሕር ወጥታ ታገኟታላችሁ። ከጣቷ ጫፍ አካባቢ፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማያሚ ከተማ አለች። ከማያሚ ተነሡና ወደ ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። ቤቱም፣ ሱቁም፣ የመኪና ማቆሚያውም ያልቅና ውሃ ያዘለ አረንጓዴና ቡናማ ሜዳ ይቀጥላል። በዚያ ሜዳ መሀል በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አንድ ግራጫ መስመር ታያላችሁ።

ያ መስመር የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው። ርዝመቱ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌዎቹ ቢያጥር በጥቂት መቶ ሜትር ነው። ትልልቅ ጄት ያስተናግዳል። ግን ዙሪያውን ብትፈልጉ የመንገደኞች ተርሚናል የለም፣ ሆቴል የለም፣ ከተማ የለም። ታዲያ ይሄን የሚያህል ማኮብኮቢያ በረግረግ መሀል ማን ሠራው? ከሠራውስ በኋላ ለምን ብቻውን ቀረ?

የዚህ ጥያቄ መልስ ከአንድ ኤርፖርት ታሪክ ይሰፋል። ዛሬ በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ትልቅ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ» ይደረግ የሚል ሕግ አለ። ያ አሠራር እንዴት እንደተጀመረ ለማወቅ ይቺ ግራጫ መስመር ጥሩ መነሻ ናት። (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዓለም ትልቁ ኤርፖርት

ጊዜው 1968 ነው። የጄት አውሮፕላን ጉዞ በየዓመቱ እያደገ፣ የማያሚ ኤርፖርት እየተጨናነቀ ነበር። መጨናነቁን ያባሱት መንገደኞች ብቻ አልነበሩም፤ አብራሪዎች የሚለማመዱባቸው በረራዎችም ነበሩ። ያኔ የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ (ሲሙሌተር) እንደ ዛሬ አልተራቀቀም። አብራሪ መነሣትና ማረፍ የሚለማመደው በእውነተኛው አውሮፕላን፣ በእውነተኛው ማኮብኮቢያ ላይ ነበር፤ ያርፋል፣ ሳይቆም መልሶ ይነሣል፣ ዞሮ እንደገና ያርፋል።

የአካባቢው የወደብና የኤርፖርት ባለሥልጣን ለዚህ ችግር መፍትሔ ብሎ ያመጣው ሐሳብ ትልቅ ነበር። ከከተማው ራቅ ብሎ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ገዛ። በኒውዮርክ ካለው የኬኔዲ ኤርፖርት አምስት እጥፍ የሚሆን መሬት ማለት ነው። ዕቅዱ መጀመሪያ አንድ የልምምድ ማኮብኮቢያ መሥራት፣ ከዚያ እየጨመሩ ስድስት ማድረስ፣ በመጨረሻም የዓለም ትልቁን ኤርፖርት እዚያ መክፈት ነበር። ከማያሚም፣ በምዕራብ በኩል ካለው የባሕር ዳርቻም ጋር የሚያገናኘው ሰፊ አውራ ጎዳናና ፈጣን ባቡር ታስቦለታል። በዚያን ዘመን ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን ሊመጣ ነው ተብሎ ይጠበቅ ስለነበር፣ እነዚያን ጯሂ አውሮፕላኖች የሚያስተናግድ፣ ከሰው መኖሪያ የራቀ ቦታ መሆኑ እንደ ትልቅ ጥቅም ታየ።

ዕቅድ አውጪዎቹን ሞኝ አድርጋችሁ እንዳታዩዋቸው። ያነሡት ችግር እውነት ነበር። ጩኸቱን ከሕዝብ ማራቃቸውም ሲሰሙት ደግ ሐሳብ ነው። የተሳሳቱት በአንዲት ቃል ነው፦ «ባዶ»። መሬቱን ሲያዩት ባዶ መሰላቸው።

በ1968 ግንባታው ተጀመረ። ይህ መሬት ለውሃው፣ ለአውሬውና በዚያ ለሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሆነ ቀድሞ አጥንቶ ለሕዝብ ያሳየ አልነበረም። አጥና ብሎ የሚያስገድድ ሕግም አልነበረም።

ባዶ ያልነበረው መሬት

ማኮብኮቢያው ያረፈው ቢግ ሳይፕረስ በሚባል ረግረግ ላይ ነው። ከእሱ በስተ ደቡብ፣ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ድንበር ይጀምራል።

ኤቨርግሌድስን ለማወቅ መጀመሪያ ውሃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ኦኪቾቢ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ከእሱ የሚተርፈው ውሃና የዝናቡ ውሃ ተደምረው ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። «ይወርዳሉ» አልን እንጂ ነገሩ ለዓይን አይታይም። መሬቱ የሚያዘቀዝቀው በአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መቶ ሜትር በሚረዝም የኳስ ሜዳ ብናስበው፣ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ያለው የከፍታ ልዩነት ሦስት ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ውሃው እንደ ዓባይ በገደል አይወርድም፣ እንደ አዋሽም ወንዝ ሆኖ አይጠማዘዝም። ጥልቀት ሳይኖረው በአሥር ኪሎ ሜትሮች ስፋት ተዘርግቶ፣ በሣሩ መሀል ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ሣሩ ደግሞ «ሶውግራስ» ይባላል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ስሙ ሣር ይሁን እንጂ በዕፅዋት ምደባ ከእኛ ቄጤማና ከጣናው ደንገል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቄጤማ የሚበቅልበትን ጨፌ የምታውቁ ከሆነ፣ የዚያን ጨፌ ብዙ ሺህ እጥፍ አስቡ።

በዚህ ውሃ ላይ የሚኖረው ብዙ ነው። የአዞ ዘመድ የሆነው አሊጌተር አለ። ውሃው በበጋ ሲቀንስ ዓሣ በየጉድጓዱ ሲሰበሰብ ጠብቀው ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉ ወፎች አሉ። የፍሎሪዳ ፓንተር የሚባለው ትልቅ የዱር ድመትም እዚያ ነው፤ ዛሬ በዱር የቀሩት ጎልማሶቹ ከ120 እስከ 230 ብቻ እንደሚሆኑ ይገመታል። ሰውም ከውሃው ሌላ ሕይወት የለውም፤ የማያሚ ሕዝብ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ የሚሞላው ከኤቨርግሌድስ በሚሰርገው ውሃ ጭምር ነው።

በመሬቱ ላይ ደግሞ ሰዎች ነበሩ። ሚኮሱኪ የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በዚህ ረግረግ መኖር ከጀመሩ ትውልዶች አልፈዋል። ያድኑበታል፣ ያጠምዱበታል፣ በዓመታዊ በዓላቸው የሚሰባሰቡበት መሬትም በዚያው አካባቢ ነበር። በካርታው ላይ «ባዶ» የተባለው የእነሱ ቤት ነው።

መንገድ እንደ ግድብ

«አንድ ማኮብኮቢያ ይሄን ሁሉ ስፋት ምን ያደርገዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። 3,200 ሜትር አስፋልት በዚያ ሜዳ ላይ እንደ ክር ነው።

መልሱን የሰጠው ጎረቤቱ መንገድ ነው። ከማኮብኮቢያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ማያሚን ከምዕራቡ ዳርቻ የሚያገናኘው የታማያሚ ጎዳና ያልፋል፤ የተጠናቀቀው በ1928 ነው። በረግረግ ላይ መንገድ ለመሥራት አፈር ቆልሎ ከፍ ማድረግ የግድ ነው። መሬቱ በኪሎ ሜትር ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ አንድ ሜትር የሚሆን አፈር መቆለል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በቃ፣ ግድብ ነው! መንገዱ መንገድ ብቻ መስሏቸው የሠሩት ሰዎች ሳያስቡት የውሃውን መተላለፊያ ዘጉት። ከላዩ ያለው ይጥለቀለቃል፣ ከታቹ ያለው ይደርቃል። ይህንን ለማስተካከል ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የመንገዱን ክፍሎች አፍርሶ በድልድይ መተካት አስፈልጓል፤ አንድ ማይል የሚረዝመው የመጀመሪያው ድልድይ የተከፈተው በ2013 ነው። ከ1928 እስከ 2013 ቁጠሩ፤ 85 ዓመት።

ሁለተኛው ነገር ቆሻሻ ነው። የኤቨርግሌድስ ውሃ ለዕፅዋት ምግብ የሚሆነው ፎስፎረስ በጣም ያነሰበት ውሃ ነው። ሶውግራሱ የለመደው ይሄንን ድህነት ነው። ከመጸዳጃ ቤትና ከእርሻ የሚወጣ ፍሳሽ ፎስፎረስ ሲጨምርበት፣ ሌሎች ሆዳም ተክሎች ፈልተው ሶውግራሱን ያስወጡታል። ለእርሻችን ማዳበሪያ በረከት ነው፤ ለዚያ ውሃ ግን መርዝ ይሆናል።

የተናቁት ሰዎች

ነገሩ መጀመሪያ ያሳሰባቸው የአካባቢው ተፈጥሮ ወዳዶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የአውዱቦን ማኅበር ተወካይ ጆ ብራውደር ነው። አዳኞች፣ የወፍ ተመልካቾች፣ ሳይንቲስቶችና የሚኮሱኪ መሪዎች አብረው ቆሙ። በሌላ ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ግን ተስማሙ። የኤርፖርቱ ባለሥልጣናት «ቢራቢሮ አሳዳጆች» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር።

ብራውደር ድጋፍ ፍለጋ ከሄዱባቸው ሰዎች መካከል ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ይገኙበታል። ዳግላስ ጋዜጠኛና ደራሲ ናቸው። በ1947 ስለ ኤቨርግሌድስ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው «የማይረባ ረግረግ» ይለው የነበረውን ቦታ በሣር መሀል የሚፈስ ወንዝ መሆኑን ለአሜሪካ ሕዝብ ያስረዱ እሳቸው ናቸው። በ1969 ዕድሜያቸው 79 ደርሶ ነበር። የአንድ ሽማግሌ ሴት ድምፅ ብቻውን ሰሚ አያገኝም፣ የሚሰማው ድርጅት ነው የሚል አመለካከት ነበራቸው። «እንግዲያው እርስዎ ድርጅት ያቋቁሙ» ተባሉ። አቋቋሙ። «ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኤቨርግሌድስ»፣ የኤቨርግሌድስ ወዳጆች ማለት ነው። መዋጮው አንድ ዶላር ነበር። ዳግላስ 108 ዓመት ኖረው በ1998 አረፉ፤ ድርጅቱ ግን ዛሬም አለ። ስሙን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሪፖርት

ጩኸቱ ዋሽንግተን ሲደርስ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጥናት እንዲደረግ አዘዘ። ይህ መሥሪያ ቤት ስሙ ፖሊስ ያስመስለዋል እንጂ ሥራው የአሜሪካን ፓርኮችና የመንግሥት መሬት መጠበቅ ነው። ጥናቱን የመሩት ሉና ሊዮፖልድ ናቸው። ሊዮፖልድ የውሃ ሳይንስ ተመራማሪ ነበሩ፤ ወንዝ ለምን እንደሚጠማዘዝ፣ ደለል እንዴት እንደሚሄድ ሲለኩ የኖሩ ሰው። አባታቸው አልዶ ሊዮፖልድም በተፈጥሮ ጥበቃ ላይ በጻፉት ይታወቃሉ። ከእሳቸው ጋር የኤቨርግሌድስን ውሃና አሣ ጠንቅቀው የሚያውቁት አርተር ማርሻል ተሳተፉ።

ሪፖርቱ በመስከረም ወር አካባቢ፣ በ1969 ወጣ። በአሜሪካ ከተሠሩት የአካባቢ ተፅዕኖ ሪፖርቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለት ነገሮቹን ልብ በሉልኝ።

አንደኛ፣ ጥያቄውን ከማኮብኮቢያው አስፍቶ ጠየቀ። ኤርፖርት ብቻውን አይመጣም። መንገድ ይመጣል፤ መንገዱን ተከትሎ ሆቴልና መጋዘን፣ ሠራተኛ፣ ለሠራተኛው ቤት፣ ለቤቱ መሬት ይመጣል። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ደግሞ ቤት ለመሥራት ውሃውን በቦይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። የቦሌ ኤርፖርት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር የከተማው ዳር ነበር። ዛሬ ቦሌን ዳር የሚል ማን አለ? የሊዮፖልድ ሪፖርት ድምዳሜ ይኸው ነበር፦ ኤርፖርቱና እሱ የሚያስከትለው ግንባታ የደቡብ ፍሎሪዳን ሥርዓተ ምኅዳር፣ ከእሱም ጋር ብሔራዊ ፓርኩን፣ ማጥፋታቸው አይቀርም። ጉዳቱ ከአስፋልቱ ይልቅ አስፋልቱ ከሚጠራው ነው።

ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ «አይሆንም» ብሎ ብቻ አላቆመም። አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ኤርፖርቱን እንደታቀደው ደረጃ በደረጃ መሥራት፤ ወይም የልምምዱን ማኮብኮቢያ ብቻ ይዞ ማቆም፤ ወይም ቦታውን ትቶ ሌላ መፈለግ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚከተል አሳየ። ውሳኔው የመንግሥት ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ማንም «አላወቅንም ነበር» ሊል አይችልም።

አምስቱ ጥያቄዎች

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ሕግ ይመከርበት ነበር። ያመጡት ሴናተር ሄንሪ ጃክሰን ናቸው። ሕጉን የወለደው ይህ ኤርፖርት ብቻ ነው ካልን እንዋሻለን። በጥር 1969 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ባሕር ላይ ከባድ የነዳጅ መፍሰስ ደርሶ ነበር፤ በሰኔ በኦሃዮ የኩያሆጋ ወንዝ፣ አዎ ወንዙ፣ በላዩ በተንሳፈፈው ዘይትና ቆሻሻ ምክንያት በእሳት ተያይዟል። የኤቨርግሌድስ ጉዳይ ግን ከእነዚህ ይለያል። የሌሎቹ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የታየ ነው። ይሄኛው ገና አልደረሰም፤ ማዳን ይቻል ነበር። እኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሊንተን ኮልድዌል የሚባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ለሕጉ ጥርስ የሰጠውን ሐሳብ አቀረቡ። መንግሥት «አካባቢን እጠብቃለሁ» ብሎ ቢምል ዋጋ የለውም፤ ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተፅዕኖውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይገደድ አሉ። ሕጉ ጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 1 ቀን 1970 ፈረሙበት። ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ይባላል። በመጀመሪያው ይዘቱ የጠየቃቸው አምስት ነገሮች በቀላል አማርኛ እነዚህ ናቸው፦

1. ሥራው በአካባቢው ላይ ምን ያመጣል?
2. ምንም ብንጠነቀቅ የማይቀረው ጉዳት የቱ ነው?
3. ሌላ አማራጭ አለ ወይ?
4. ለዛሬ ጥቅም ስንል ከነገው ምን እንቀንሳለን?
5. አንዴ ከተሠራ በኋላ ወደ ኋላ የማይመለሰው ነገር ምንድን ነው?

በዚያው ጥር ወር የፌዴራል መንግሥቱ፣ የፍሎሪዳ ግዛትና የኤርፖርቱ ባለቤት ተስማሙ፦ በቢግ ሳይፕረስ ትልቁ ኤርፖርት አይሠራም። አንዱ ማኮብኮቢያ ግን አልቆ ስለነበር፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝ ለልምምድ ይቆይ ተባለ። በ1974 ደግሞ በዙሪያው ያለው ረግረግ በሕግ ተጠብቆ የቢግ ሳይፕረስ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ ሆነ። በካርታችሁ ላይ ያያችሁት መስመር ከስድስቱ የተረፈው አንዱ ነው።

8,800 ሣጥኖች

ሊዮፖልድ በዚህ አላበቁም። ሕጉ ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «ተፅዕኖ ገምግሙ» ተባሉ፤ ግን እንዴት? በ1971 ሊዮፖልድና ባልደረቦቻቸው አንድ ዘዴ አሳተሙ። ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። በአግድም 100 ዓይነት የሰው ሥራዎች ተደርድረዋል፦ መቆፈር፣ መንገድ ማንጠፍ፣ ፍሳሽ መልቀቅ፣ የመሳሰሉት። በቁም 88 የአካባቢ ሁኔታዎች አሉ፦ አፈር፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ወፎች፣ የሰው ጤና፣ የመልክዓ ምድር ውበት ሳይቀር። 100 ሲባዛ በ88፣ 8,800 ሣጥን። ሥራው ያንን ሁኔታ የሚነካ ከሆነ ሣጥኑን በሰያፍ መስመር ለሁለት ትከፍላላችሁ፤ በአንዱ በኩል ተፅዕኖው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ በሌላው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ትሰጣላችሁ።

መጠንና አስፈላጊነት መለየታቸው ብልህነት ነው። ሰፊ ሣር መታጨድ መጠኑ ትልቅ፣ አስፈላጊነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንዲት የመጠጥ ምንጭ መድረቅ ግን በመጠን ትንሽ ሆኖ፣ ለመንደሩ ከሁሉ የሚከብድ ነው።

ዘዴው ጉድለትም አለው፤ የሙያው ሰዎች ዛሬም ይተቹታል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሰው ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች ለአንድ ሣጥን ሁለት ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ደግሞ ሣጥኖቹ ለየብቻ ስለሆኑ ሰንሰለቱን አያሳዩም። መንገዱ ቤትን፣ ቤቱ ቦይን፣ ቦዩ ድርቀትን እንደሚጎትት በአንድ ሣጥን አይታይም። የሚገርመው፣ የ1969ኙ ሪፖርት ኃይል ያ ሰንሰለት ነበር።

ትንቢቱ ሲፈተሽ

ከድምፅ የሚፈጥኑት አውሮፕላኖችስ ምን ሆኑ? የአሜሪካ ምክር ቤት በ1971 ለአሜሪካው አውሮፕላን የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ፤ አውሮፕላኑም ሳይሠራ ቀረ። በ1973 ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላን በአሜሪካ ምድር ላይ ከድምፅ ፈጥኖ እንዳይበር ተከለከለ። ሲሙሌተሮች ሲሻሻሉ የልምምድ በረራውም እየቀነሰ ሄደ። የማያሚ ኤርፖርት ባለበት እየሰፋ ቀጠለ፤ አራተኛ ማኮብኮቢያውን የከፈተው በ2003 ነው። ለዓለም ትልቁ ኤርፖርት ምክንያት ተብለው ከቀረቡት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እንደታሰበው አልመጡም። ረግረጉ በዚያ ምክንያት ደርቆ ቢሆን ግን «ይቅርታ፣ ትንበያችን ተሳስቷል» ተብሎ አይመለስም ነበር። አምስተኛው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው።

ሆኖም ሕጉን ከአቅሙ በላይ አናግንነው። ሕጉ «እዩ» ይላል እንጂ «ተዉ» አይልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በግልጽ እንዳስቀመጠው፣ ሕጉ የሚከለክለው ሳያውቁ መወሰንን ነው፤ አውቆ መሳሳትን አይከለክልም። ጉዳቱ ሁሉ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ ግንባታው ሊቀጥል ይችላል። ግምገማው የሚጠቅመው የሚያነበው፣ የሚጠይቀውና የሚከራከርበት ሕዝብ ሲኖር ነው።

ለዚህ ምሳሌው ያው መስመር ነው። በ2025 አጋማሽ የፍሎሪዳ ግዛት በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የስደተኞች ማቆያ ካምፕ ገንብቶ ከፈተ። ማን ከሰሰ? ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ድርጅት፣ «ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኤቨርግሌድስ»፣ ከሌላ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆኖ። ሚኮሱኪዎችም ተቀላቀሉ። ክሱ «በሕጉ የተጠየቀው የአካባቢ ግምገማ አልተደረገም» የሚል ነበር። በነሐሴ አካባቢ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ማስፋፋቱ እንዲቆም፣ ካምፑም ደረጃ በደረጃ እንዲፈርስ አዘዙ። በቀጣዩ ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደው፤ የሕጉ ግዴታ የፌዴራል መንግሥት ሥራዎችን የሚመለከት ነው፣ እዚህ ግን ገንዘቡን ያወጣው ግዛቱ ነው በሚል። በ1969 እና በ2025 የተከራከሩት ሰዎች የተለያዩ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ መሬቱ «ባዶ» ነው ወይ? ማንስ ነው ቀድሞ የሚጠይቀው?

ወደ እኛ ስንመጣ

የአሜሪካው ሕግ ከወጣ በኋላ አሠራሩ ከአገር አገር ተዛመተ። በ1992 በሪዮ የተሰበሰቡት የዓለም መንግሥታት የተፅዕኖ ግምገማን ከመርሆዎቻቸው አንዱ አደረጉት። በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ላይ፣ ሕዝብ በቀጥታ የሚመለከተው ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። አዋጁ ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ሳይገመገሙ እንዳይጀመሩ ይላል፤ የሪፖርቱን ይዘት ሕዝብ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዛል።

ይህንን ማወቅ ለፈተና ብቻ አይደለም። አገራችን በቢሾፍቱ አካባቢ አራት ማኮብኮቢያዎች የሚኖሩት ትልቅ ኤርፖርት አቅዳለች። ቦሌ ጠብቦናል፣ ፍላጎቱም እውነት ነው፤ በ1968 የማያሚም ፍላጎት እውነት እንደነበረው። ቢሾፍቱ ደግሞ ሐይቆቿ፣ እርሻዋና ገበሬዎቿ ያሉባት አገር ናት። የፍሎሪዳው ታሪክ «ኤርፖርት አትሥሩ» አይለንም። የሚለን ሌላ ነው፦ ማኮብኮቢያውን ብቻ አትዩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በዙሪያው የሚበቅለውን ከተማ፣ የሚጠጣውን ውሃ፣ የሚለቀውን ፍሳሽ፣ ከቦታው የሚነሣው ገበሬ የሚሄድበትን ጭምር እዩ።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። በሰፈራችሁ ወይም በወረዳችሁ ሊሠራ የታሰበ አንድ ግንባታ ምረጡ፤ መንገድ፣ ፋብሪካ፣ ግድብ፣ የፈለጋችሁት ይሁን። አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፉና ለእያንዳንዱ የምታውቁትን መልስ ሙሉ። ለሦስተኛው፣ ለአማራጩ፣ ቢያንስ ሁለት መልስ ፈልጉ። ለአምስተኛው በአካባቢው ረጅም ዕድሜ የኖሩ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ፤ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ፣ ጨፌው ድሮ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ከካርታ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባዶ የቀሩት መስመሮች ካሉ፣ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ከመጮህ ይሻላል።